አዳዲስ የየብስ ኮሪደሮችና የጭነት መስመር ምርጫ፦ እስካሁን የተማርኩት

የሎጂስቲክስ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ዋና ልምምዴ ያደረግሁት አንድ ኮንቴይነር ከመርከብ ወርዶ አስመጪው መጋዘን እስኪገባ ድረስ የሚጠይቀውን ወጪና ጊዜ በጅቡቲ፣ በበርበራ (ሶማሌላንድ) እና በላሙ (ኬንያ) ወደቦች በኩል እያሰላሁ ማወዳደርን ነው። ከደረስኩበት ሁሉ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ የማምነው፣ የአዲስ መንገድ ወይም የባቡር መስመር መከፈት ብቻውን ጭነትን ከለመደው መስመር እንደማያስወጣ ነው።

750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ባቡሩ ኮንቴይነሩን እንዶዴ ጣቢያ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ካደረሰ በኋላ ግን ጭነቱ እንደገና መኪና ላይ መውጣት አለበት፤ በጋላፊ የድንበር ኬላ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና በአንጻሩ ከወደብ ተነስቶ ደንበኛው በር ድረስ ሊገባ ይችላል። በእኔ ግምት ባቡሩ ይበልጥ የሚያዋጣው ብዙ ኮንቴይነር በአንድ ጊዜ ለሚያስገባ አስመጪ ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የባዶ ኮንቴይነር ጉዳይ ነው። ኮንቴይነሩ በአብዛኛው የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ስለሆነ፣ አስመጪው ዕቃውን ካራገፈ በኋላ በተፈቀዱለት ነፃ ቀናት ውስጥ ባዶውን ድርጅቱ ወደሚቀበልበት ስፍራ መመለስ ይጠበቅበታል፤ ቀኑ ካለፈ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) በየዕለቱ ይቆጠራል። ከምንልከው የምናስገባው እጅግ ስለሚበልጥ አብዛኛው ኮንቴይነር ባዶውን ይመለሳል፣ የመመለሻውም ኪራይ ዞሮ ዞሮ አስመጪው ላይ ያርፋል። ስለዚህ በማስሊያ ሠንጠረዤ ላይ ከኪሎ ሜትሩ በፊት የምሞላው ዓምድ «ባዶውን ማን፣ የት ይረከባል?» የሚለው ሆኗል።

በርበራ ላይ ዲፒ ወርልድ በተባለው የዱባይ የወደብ ኩባንያ የተገነባው የኮንቴይነር ተርሚናል በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ከወደቡ እስከ ድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ያለው መንገድም 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃው ከዱባዩ ጀበል አሊ ወደብ ተጭኖ ለጅግጅጋ ነጋዴ የሚመጣ ከሆነ በርበራ ግልጽ ብልጫ አለው፤ በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደርሶ ቢራገፍ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ መመለስ ይኖርበታልና። ዕቃው የአዲስ አበባ ከሆነና ባዶው ጅቡቲ እንዲመለስ ከተፈለገ ግን ይህ ብልጫ ይጠፋል።

ላሙም የመጀመሪያ መርከቡን የተቀበለው በዚያው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከሞያሌ እስከ ኬንያዋ ኢሲዮሎ ያለው መንገድ አስፋልት መሆኑ ለሐዋሳና ለአካባቢው ተስፋ ይሰጣል፤ ሆኖም አዘውትረው የሚመጡ መርከቦች እስካልበዙ ድረስ አስመጪው መስመሩን ለመሞከር ማመንታቱ አይገርምም።

ምርጫው የሚወሰንበት ጊዜም ትኩረት ይሻል። ኤልሲ (ባንክ ለላኪው የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ሲከፈት የማራገፊያው ወደብ አብሮ ስለሚጻፍ፣ መስመሩ የሚመረጠው መርከቡ ከመነሳቱ አስቀድሞ ነው፤ በኋላ መለወጥ የባንኩንም የላኪውንም ስምምነት ይጠይቃል።

ቀጥሎ የማሰላው የወጪ ጭነትን፣ በተለይም ቡናን ነው። በቶጎ ውጫሌ በኩል ዕቃ ያስተላለፋችሁ ትራንዚተሮች (የጉምሩክ አስተላላፊዎች)፣ ባዶ ኮንቴይነሩን የት እንዳስረከባችሁና ምን ያህል ቀን እንደፈጀባችሁ ብታካፍሉኝ ሠንጠረዡን በዚያ መሠረት አስተካክዬ ለሁላችንም አጋራዋለሁ።