«ማይነስ በማይነስ ፕላስ»ን ልክ የሚያስገቡ ጨዋታዎች

የኢንቲጀር (ከነኔጋቲቫቸው ያሉ ሙሉ ቁጥሮች) ስሌት ሲከለስ ከደብተር ደብተር የሚዞር አንድ ስህተት አለ፦ −3 + (−5) = 8። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ማይነስ በማይነስ ፕላስ ነዋ!» ተማሪው ሕጉን አልረሳም፤ የዘነጋው «በ» የምትለዋን ፊደል ነው። «በ» የማባዛት ናት። ሕጉ ለማካፈልም ይሠራል፤ መደመር ውስጥ ግን ምንም ጉዳይ የለውም።

ቀድሞ እጁን ላወጣ ነጥብ የሚሰጥ ውድድር ይህን ስህተት አያጋልጥም። የሚመልሱት ድሮም የሚችሉት አምስት ስድስት ልጆች ናቸው፤ የቀረው ክፍል ተመልካች ነው። ለክለሳ የሚመረጠው እያንዳንዱ ልጅ በየተራው ምልክት እንዲወስን የሚያስገድድ፣ ስህተቱንም መምህር ሳይደርስ ራሱ ጨዋታው የሚያሳይ ነው።

ለመደመርና ለመቀነስ ተራ የመጫወቻ ካርታ ይበቃል። ጆከሮቹና ሥዕል ያለባቸው 12ቱ ይውጡ፤ 40 ይቀራሉ። አሱ 1 ነው። ጥቁር ፖዘቲቭ፣ ቀይ ኔጋቲቭ ይሁን። ጥቁሮቹ ሲደመሩ 110፣ ቀዮቹ −110 ስለሚሆኑ የሙሉው ጥቅል ድምር ዜሮ ነው፤ ካርታ መጥፋት አለመጥፋቱን ለማረጋገጥም ይጠቅማል። ካርታ ከሌለ ወረቀት ቆርጦ ቁጥሩን ከነምልክቱ መጻፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ 6 እና 9 ተገልብጠው እንዳይምታቱ ከሥራቸው ነጥብ አድርጉ እንጂ አታስምሩ፤ መስመሩ ራሱ ማይነስ ይመስላል።

አራት ልጆች በአንድ ቡድን ይቀመጡና ለእያንዳንዳቸው 5 ካርታ ይታደል። አንድ ጥቅል ለሁለት ቡድን ይሆናል፤ 48 ተማሪ ላለበት ክፍል 6 ጥቅል ማለት ነው። ሁሉም የእጁን ድምር ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ተራው የደረሰ ልጅ በቀኙ ካለው ልጅ እጅ ሳያይ አንድ ካርታ ይስባል። ሳቢው የመደመር፣ የተሳበበት የመቀነስ ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ከስድስት ዙር በኋላ ድምሩ ለዜሮ የቀረበ ያሸንፋል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዱ ልጅ 4፣ −6፣ 3፣ −1 እና −2 ይዟል፤ ድምሩ −2 ነው። −6ን ሳቡበት። የሚጽፈው −2 − (−6) = 4 ነው። የቀሩትን አራት ካርታዎች ሲደምር በእርግጥም 4 ያገኛል። ዕዳ ሲወሰድለት ሀብቱ እንደጨመረ በእጁ ይዞ አየው፤ «ኔጋቲቭን መቀነስ መደመር ነው» የሚለውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ገለጻ ማግኘት ይከብዳል። ሳቢው 5 ነበረው እንበል፤ 5 + (−6) = −1 ይጽፋል። የሁለቱ ድምር በፊትም አሁንም 3 ነው። የአራቱም ድምር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለማይለወጥ መምህሩ በመካከል ሲዘዋወር አራት ቁጥሮች ደምሮ ቡድኑ መሳሳቱን ወዲያው ያውቃል።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ብልጦቹ ዐረፍተ ነገሩን ትተው ካርታቸውን እንደ አዲስ ይደምራሉ። መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ካርታው ተቆጥሮ ይረጋገጥ የሚለው ደንብ ከጅምሩ ይነገር። ሁለተኛ፣ −2 − 6 = −8 የሚጽፍ ይኖራል፤ የካርታውን ምልክትና የመቀነስን ምልክት አንድ አድርጎ ውጧቸዋል። ቅንፍ ግዴታ ይሁን። ሲያነቡም «ማይነስ ሁለት ማይነስ ማይነስ ስድስት» አይባል፤ «ኔጋቲቭ ሁለት ሲቀነስ ኔጋቲቭ ስድስት» ይባል። የቁጥሩ ምልክት ኔጋቲቭ፣ ስሌቱ መቀነስ፤ ሁለት ሥራ ሁለት ስም ይፈልጋል።

የቁጥር መስመር ላይ በዳይስ የሚሄዱ ጨዋታዎችም አሉ፤ ለጀማሪ ይረዳሉ፣ ለክለሳ ግን ቀርፋፋ ናቸው። ከተጠቀማችሁባቸው የቆሙበትን ነጥብ «አንድ» ብለው የሚቆጥሩትን ተከታተሉ፤ መልሳቸው ሁልጊዜ በ1 ይጎድላል ወይም ይበልጣል።

ለማባዛት የምመርጠው የ6 በ6 ሰንጠረዥ ነው። ከ1 እስከ 6 ያሉትን ቁጥሮች ሁለት ሁለቱን ስናባዛ 18 የተለያዩ ውጤቶች ይገኛሉ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 8፣ 9፣ 10፣ 12፣ 15፣ 16፣ 18፣ 20፣ 24፣ 25፣ 30 እና 36። እነዚህ ከነኔጋቲቫቸው 36 ስለሚሆኑ ሰንጠረዡን ልክ ይሞሉታል። በዘፈቀደ ይደርደሩ። ከሥር ከ−6 እስከ −1 እና ከ1 እስከ 6 ያሉት 12 ቁጥሮች በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ዜሮ አይገባም።

ሁለት ልጆች ይጫወታሉ። የመጀመሪያው አንድ ጠጠር መስመሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ሌላ ጠጠር አስቀምጦ የሁለቱን ብዜት በራሱ ቀለም ይቀባል። ከዚያ በየተራ አንድ ጠጠር ብቻ እያንቀሳቀሱ ይቀባሉ። ሁለቱም ጠጠሮች አንድ ቁጥር ላይ ማረፍ ይችላሉ፤ ይህ ካልተፈቀደ 1፣ 9፣ 16፣ 25 እና 36 ፈጽሞ አይገኙም። አራት ተከታታይ ሳጥን የቀባ ያሸንፋል። የተሳሳተ ብዜት የቀባን ተጋጣሚው ካስረዳው ሳጥኑ ይጠፋል፣ ተራውም ያልፋል።

ውበቱ ማካፈልን በጓሮ በር ማስገባቱ ነው። −24ን የፈለገ ልጅ አንዱ ጠጠር 6 ላይ ካለ −24 ÷ 6 ስንት እንደሆነ ሳያስብ ሌላውን −4 ላይ ማድረግ አይችልም። ሁለቱም ጠጠሮች −5 ላይ ካሉ ደግሞ −24 ለዚያ ተራ እንደማይገኝ ይገባዋል።

ሁለቱን ጨዋታዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ አትደርድሩ፤ «ማይነስ በማይነስ» ከሰንጠረዡ ተነሥቶ ወደ ካርታው ይሻገራል። መቀላቀሉ በሦስተኛው ቀን ይሁን፤ ያኔ 5 ደቂቃ የምትፈጅ ማሟሟቂያ ትበቃለች። −7 + (−2)፣ −7 × (−2)፣ −7 − (−2)፣ −8 ÷ (−2) ሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ ይጻፋሉ፤ ተማሪዎች ቁጥሩን ሳይሆን የመልሱን ምልክት ብቻ ወረቀት ላይ ጽፈው እኩል ያነሣሉ። ለ−7 − (−2) የሚነሡትን ፕላሶች ቁጠሩ፤ የካርታው ጨዋታ እንደገና የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው።