ስፌቱ እንዳይጠፋ

አሥራ አምስት መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ ሲታይ በሩ የማይታወቅ ግቢ ይመስላል። በየት በኩል ይገባል? የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው የአይዛክ አሲሞቭ የሮቦት፣ የኢምፓየርና የፋውንዴሽን መጻሕፍት እንዲህ ናቸው። የመጀመሪያው የታተመው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጨረሻው በ1993። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲው በእነዚያ ዓመታት ታሪኩን ወደፊትም ወደ ኋላም እየዘለለ ስለጻፈው የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደሚነበብ መወሰን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሳወጣ ሳወርድ የደረስኩበትን ውሳኔ ከነምክንያቱ ላስፍር።

ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው መጻሕፍቱን በታተሙበት ዓመት መከተል ነው። ሁለተኛው ታሪኩ በሚፈጸምበት ዘመን መሄድ ነው፤ ከሮቦቶች መፈጠር ተነስቶ እስከ ጋላክሲው መንግሥት ውድቀትና ከዚያም ወዲያ። ሁለተኛው ለጀማሪ የሚመች ይመስላል። ታሪክ ከመነሻው ቢጀመር ምን ክፋት አለው? አሲሞቭም በ1988 በወጣው «ፕሪሉድ ቱ ፋውንዴሽን» መግቢያ ላይ እስከዚያ የነበሩትን 14 መጻሕፍት በታሪካቸው ዘመን ደርድሯቸዋል። ነገር ግን እዚያው ላይ፣ ሲጀምር አስቀድሞ ስላላቀደው መጻሕፍቱ ምናልባት ሙሉ በሙሉ እንደማይገጥሙ ተናግሯል። ብዙ ሰው ዝርዝሩን ይገለብጥና ይህችን ቃል ይተዋታል። ለእኔ ቁልፉ ያለው እሷ ላይ ነው።

ይህ ተከታታይ ሲወለድ አንድ አልነበረም። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ሁለት የማይተዋወቁ ዓለማት ነበሩ። በፋውንዴሽን ዓለም የሰው ልጅ ጋላክሲውን ሞልቶታል፤ ሮቦት ግን የለም። በሮቦት ልብ ወለዶቹ ዓለም ደግሞ ሮቦት አለ፤ የጋላክሲ መንግሥት ግን የለም፤ ከመሬት ውጭ ሰው የሰፈረባቸው ዓለማት 50 ብቻ ናቸው። የፋውንዴሽን መስመር በ1953 «ሰከንድ ፋውንዴሽን» ላይ ቆመ። የሮቦት ልብ ወለድ መስመር በ1957 «ዘ ኔክድ ሰን» ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለቱም ከሩብ ምዕተ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ አዲስ ልብ ወለድ አልተጨመረባቸውም። አሲሞቭ በ1982 «ፋውንዴሽንስ ኤጅ»ን ይዞ ሲመለስ ሁለቱን ጨርቆች መስፋት ጀመረ። በ1983፣ በ1985 እና በ1986 ሦስት ተጨማሪ መጻሕፍት ወጡ፤ መርፌው አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ይገባል።

የሥራው ትልቁ ደስታ ይህ ስፌት ነው። ደስታው የሚገኘው ግን ሁለቱን ጨርቆች አስቀድሞ ለየብቻቸው በእጁ የያዘ አንባቢ ዘንድ ብቻ ነው። በታሪኩ ዘመን የሚያነብ ሰው አንድ ወጥ ጨርቅ ይደርሰዋል፤ የተሰፋ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ የምከተለው መመሪያ ይህ ነው፦ ደራሲው ያንን መጽሐፍ ሲጽፍ ገና ያላወቀውን ነገር አንባቢም ያንን መጽሐፍ ሲያነብ ባያውቀው ይሻላል።

በዚህ መመሪያ የሚወጣው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። መጀመሪያ «አይ፣ ሮቦት» (1950)፤ ዘጠኝ አጫጭር ታሪኮች ናቸው፣ ሮቦቶች የሚገዙባቸውን ሦስት ሕጎች ከነስንጥቃቸው የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ሦስቱ የፋውንዴሽን መጻሕፍት፦ «ፋውንዴሽን» (1951)፣ «ፋውንዴሽን ኤንድ ኢምፓየር» (1952)፣ «ሰከንድ ፋውንዴሽን» (1953)። ከዚያ «ዘ ኬቭስ ኦፍ ስቲል» (1954) እና «ዘ ኔክድ ሰን» (1957)። እዚህ ድረስ ስድስት መጽሐፍ ነው፤ ጨርቆቹ ገና አልተነካኩም። አሁን ስፌቱ ይጀመራል፦ «ፋውንዴሽንስ ኤጅ» (1982)፣ «ዘ ሮቦትስ ኦፍ ዶውን» (1983)፣ «ሮቦትስ ኤንድ ኢምፓየር» (1985)፣ «ፋውንዴሽን ኤንድ ኧርዝ» (1986)። በመጨረሻ ሁለቱ ወደ ኋላ የሚመለሱት፦ «ፕሪሉድ ቱ ፋውንዴሽን» (1988) እና ደራሲው በ1992 ካረፈ በኋላ የታተመው «ፎርዋርድ ዘ ፋውንዴሽን» (1993)። በድምሩ 12።

«ፋውንዴሽን ኤንድ ኧርዝ»ን ከ«ሮቦትስ ኤንድ ኢምፓየር» በፊት ማንበብ በዚህ መንገድ ላይ ከሚደርሱት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። የ1982ቱና የ1986ቱ መጻሕፍት አንዱ የሌላው ቀጥተኛ ቀጣይ ስለሆኑ አንባቢ ሳይቆም ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ ይፈልጋል። ፍላጎቱ ይገባኛል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የ1986ቱ መዝጊያ ክብደቱን የሚያገኘው በመሀል ካሉት ሁለት የሮቦት ልብ ወለዶች ነው። እነሱን ያላነበበ ሰው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ማንን እንዳገኘ አያውቅም።

ሦስቱ የኢምፓየር መጻሕፍት ከ12ቱ ውስጥ የሉም። ለመጀመሪያ ንባብ ሁለቱን ያለ ጸጸት መዝለል ይቻላል። «ፔብል ኢን ዘ ስካይ» (1950) ግን ይለያል። በዚያ መጽሐፍ መሬት በጨረር የተመረዘች ሆና ትታያለች፤ አንባቢም «ምን ሆና ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሮቦትስ ኤንድ ኢምፓየር» ከ35 ዓመት በኋላ የመጣ መልስ ነው። በታሪኩ ዘመን የሄደ ሰው ግን መልሱን ይቀበላል፣ ጥያቄውን ከብዙ መቶ ገጽ በኋላ ያገኘዋል። 13ኛ መጽሐፍ መጨመር የሚፈልግ ካለ ይህን ከ«ዘ ኔክድ ሰን» ቀጥሎ፣ ከስፌቱ በፊት ያስገባው።

በታሪኩ ዘመን ማንበብ ሌላም ጣጣ አለው። «ፕሪሉድ» እና «ፎርዋርድ» ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ሙሉ የፋውንዴሽን መሥራች ከሆነው ከሃሪ ሴልደን ጋር ያኖሩናል፤ ጉልምስናውን፣ ፍቅሩን፣ እርጅናውን እናያለን። ከዚያ የ1951ዱን «ፋውንዴሽን» ስንከፍት ሴልደን በሕይወት የሚታየው በመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው፣ ያውም ሽማግሌ ሆኖ፤ ታሪኩም ያለ እሱ ይቀጥላል። አጻጻፉም ሌላ ነው፤ በ1940ዎቹ ለመጽሔት የተጻፈ፣ ንግግር የበዛበት፣ ስለ ሰው ውስጥ ብዙ የማይል። ብዙ ሰው ተከታታዩን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፣ ጥፋቱንም በመጽሐፉ ላይ ያላክካል። ጥፋቱ የቅደም ተከተሉ ነው። በዚያ ላይ በ«ፕሪሉድ» ውስጥ የአንድ ሰው ማንነት ይገለጣል፤ የሮቦት መጻሕፍቱን ላላነበበ ምንም አይለውም፣ በታሪኩ ዘመን ለሄደ ደግሞ የ1986ቱን መጨረሻ ያበላሽበታል።

ስለ መጀመሪያው «ፋውንዴሽን» ትንሽ ልቆይበት፤ የተከታታዩ ዕጣ የሚወሰነው በእሱ ስለሆነ። መጽሐፉ አምስት ክፍል አለው፤ ወደ 150 ዓመት የሚጠጋ ዘመን ይሸፍናል። አራቱ ክፍሎች ከ1942 እስከ 1944 በ«አስታውንዲንግ» መጽሔት የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል ግን ለ1951ዱ መጽሐፍ አዲስ የተጻፈ ነው፤ መጨረሻ ተጽፎ ፊት የገባ። ይህ ከመመሪያዬ ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። አይጋጭም፤ ክፍሉ የሚሰጠው ጥያቄውን ነው፣ መልሱን አይነካም። ከጋላክሲው መንግሥት ውድቀት በኋላ ሠላሳ ሺህ ዓመት የሚቆይ ጨለማ ወደ አንድ ሺህ ሊያጥር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚያ ይተከላል።

ክፍሎቹ ሲቀያየሩ ሰዎቹም ይቀየራሉ። መጽሐፉን እንደ አንድ ልብ ወለድ የያዘው ሰው የወደደውን ገጸ ባሕርይ በየ50 ገጹ ሲያጣ ይናደዳል። አምስት አጭር ልቦለድ ብሎ መያዝ ይሻላል፤ ንባብ ማቋረጥ ካስፈለገ በክፍል መሀል ሳይሆን በክፍል መጨረሻ ላይ ይቋረጥ። ተከታታዩን ለመተው የሚያስብ ሰው ደግሞ የሁለተኛውን መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል፣ «ዘ ሚዩል» የተባለውን፣ ሳይጨርስ አይፍረድ። እስከዚያ ድረስ ጨለማውን ለማሳጠር የወጣው የሴልደን ዕቅድ እንደ ሰዓት ይሠራል፤ እዚያ ላይ ዕቅዱ ያልቆጠረው ነገር ይመጣል። ያም ካልማረከው ሌላው አይማርከውምና ቢተወው ምክንያት አለው። ከሦስተኛው መጽሐፍ በኋላ መቆምም ሙሉ ንባብ ነው። በ1966 ሁጎ የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ከተከታታዮች ሁሉ የምንጊዜም ምርጥ ብሎ የሸለመው እነዚያኑ ሦስቱን ነበር፤ ቀሪው ገና አልተጻፈም።

መጻሕፍቱን ሲሰበስቡ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። «ዘ ኮምፕሊት ሮቦት» (1982) 31 ታሪኮች የያዘ ስብስብ ነው፤ የ«አይ፣ ሮቦት» ዘጠኙም ታሪኮች በውስጡ አሉ። ሁለቱን መግዛት ዘጠኙን ሁለቴ መግዛት ነው። ሆኖም በስብስቡ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ፤ ዘጠኙን ታሪኮች የሚያስተሳስረው ከሮቦት ሥነ ልቦና ባለሙያዋ ከዶክተር ሱዛን ካልቪን ጋር የተደረገው ቃለ መጠይቅ። ለዚህ ብዬ ትንሹን መጽሐፍ እመርጣለሁ። በአሮጌ መጻሕፍት መካከል የሚፈልግ ሰው ደግሞ ርዕስ ይጠንቀቅ፦ «ዘ ዋን ታውዘንድ ይር ፕላን» የሚለው ያው «ፋውንዴሽን» ነው፤ «ዘ ማን ሁ አፕሴት ዘ ዩኒቨርስ» ያው «ፋውንዴሽን ኤንድ ኢምፓየር» ነው፤ «ዘ ሬቤሊየስ ስታርስ» ደግሞ ከኢምፓየር መጻሕፍት አንዱ የሆነው «ዘ ስታርስ፣ ላይክ ደስት»። ሽፋኑን ትቶ ከርዕስ ገጹ ጀርባ ያለውን የቅጂ መብት ገጽ ማየት ነው። ለቅደም ተከተል የሚያገለግለው የመጀመሪያው ኅትመት ዓመት ነው፤ በእጅ ያለው ዕትም የወጣበት ዓመት አይደለም።

መመሪያው ወደ ሌላ ተከታታይ ሲወሰድ አንድ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ የታተመበት ዓመትና የታሰበበት ጊዜ የሚለያዩበት አጋጣሚ አለ። የፍራንክ ኸርበርት «ድዩን» በ1965፣ ሁለተኛው በ1969፣ ሦስተኛው በ1976 ወጣ። የሁለተኛውና የሦስተኛው አንዳንድ ክፍሎች ግን የመጀመሪያው ሳይጠናቀቅ ተጽፈው እንደነበር ኸርበርት ገልጿል። ስለዚህ ሦስቱን እንደ አንድ ሐሳብ መያዝ ተገቢ ነው። በተለይ የ1969ኙ አጭር ስለሆነ ከመጀመሪያው ጋር ወዲያው ይነበብ፤ የመጀመሪያውን ድል የሚመረምረው እሱ ነው። አራተኛው መጽሐፍ (1981) ከ3,000 ዓመት በላይ ይዘላል፤ ከሦስተኛው በኋላ ዕረፍት የሚወስድ አንባቢ ትክክለኛ ቦታ ላይ ቆሟል። ስድስተኛው በ1985 ወጥቶ ደራሲው በ1986 ስላረፈ ታሪኩ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ከ1999 ጀምሮ ልጁ ብራያን ኸርበርትና ኬቪን አንደርሰን የጻፏቸው ቅድመ ታሪኮች በዘመን ቢቀድሙም በንባብ መቅደም የለባቸውም። በመጀመሪያው መጽሐፍ መሀል የሚወጣውን የትውልድ ምስጢር ገና ከበሩ ላይ ያወጡታል።

በሎይስ ማክማስተር ቡጆልድ የቮርኮሲጋን ተከታታይ ደግሞ በኅትመት ዓመት መሄድ ይጎዳል። «ሻርድስ ኦፍ ኦነር» በ1986፣ ቀጥተኛ ቀጣዩ «ባራያር» በ1991 ወጡ፤ በመሀል ስለ ዋና ገጸ ባሕርያቱ ልጅ የሚያወሩ መጻሕፍት አሉ። ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው። ኋላም «ኮርዴሊያስ ኦነር» በሚል በአንድ ጥራዝ ታትመዋል፤ ተያይዘው ይነበቡ።

«ዘ ኤክስፓንስ» ዘጠኝ ልብ ወለድ ነው፣ ከ2011 እስከ 2021። ዘጠኙን በቁጥራቸው መሄድ ምንም አያከራክርም፤ የሚያስቸግሩት በመሀል የወጡት አጫጭሮቹ ናቸው። አብዛኞቹ ቢዘለሉ አይጎዱም። «ስትሬንጅ ዶግስ» (2017) ግን ከስድስተኛውና ከሰባተኛው መካከል መግባት አለበት፤ ሰዎቹ በስምንተኛው ላይ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ያላወቃቸው አንባቢ ግራ ይገባዋል። አጫጭሮቹ በ2022 «ሜሞሪስ ሊጅን» በሚል ስብስብ ወጥተዋል። ስብስቡን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ የሚበጀው ዘጠኙን ለጨረሰ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ታሪክ የሚፈጸመው ከዘጠነኛው መጽሐፍ በኋላ ነው።

ለማንኛውም አዲስ ተከታታይ የሚበቃው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቁራጭ ካርድ ነው። ርዕሱ፣ መጀመሪያ የታተመበት ዓመት፣ ታሪኩ የሚፈጸምበት ዘመን፣ ማን እንደጻፈው፣ በመጨረሻም ከእሱ በፊት የግድ መነበብ ያለበት የትኛው እንደሆነ። ካርዶቹን አንዴ በዓመት፣ አንዴ በዘመን መደርደር ነው። በሁለቱም ድርድር ቦታቸው የማይለወጠው ግንዱ ናቸው፤ ስለ እነሱ መጨነቅ አያስፈልግም። ሩቅ የሚዘሉት ካርዶች ብቻ ናቸው ውሳኔ የሚፈልጉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት አይበልጡም። ሌላ ሰው የጻፋቸው ካርዶች ግንዱ እስኪያልቅ ጎን ይቀመጡ። ለፋውንዴሽን ከ1997 እስከ 1999 በሦስት ሌሎች ደራስያን የተጻፉትን ሦስት መጻሕፍት ያስቀመጥኩት እዚያ ነው።

በታሪኩ ዘመን ማንበብ ለሁለተኛ ንባብ የተመቸ ነው። ምስጢሮቹ ሁሉ ታውቀዋል፤ አሁን የሚታየው አሲሞቭ የ1980ዎቹን ክር በ1940ዎቹ ቀዳዳዎች ውስጥ እንዴት እንዳሳለፈው ነው። «ፎርዋርድ ዘ ፋውንዴሽን» ሲያልቅ ቀጥሎ የሚመጣው የ1951ዱ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ አጭር ስለሆነ በአንድ መቀመጫ ይነበባል። ሴልደን ሽማግሌ ሆኖ ሲገባ አንባቢው የሚያውቀው ሰው ነው።