ዱቄት የማያስገባ ሳጥን
ዛሬ ልደታ አካባቢ አንድ ዳቦ ማምረቻ ዋልኩ። የማምረቻ መስመሩን እያቆመ ያስቸገራቸው ሴንሰሩ ሳይሆን ገመዶቹ የሚገናኙባት ተራ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ስንከፍታት ዱቄቱ እርጥበት ጠጥቶ ተርሚናሎቹ (የገመዶቹ ማሰሪያዎች) ላይ እንደ ሊጥ ደርቋል፤ ብሎኖቹም አረንጓዴ ሆነዋል።

በምትኩ ባለ 8 ቀዳዳ፣ አይፒ67 (አይፒ አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ ነው) የሆነ የሴንሰር ሳጥን ገጠምን። 6 ቁጥሩ አቧራ ፈጽሞ አያስገባም፣ 7 ቁጥሩ ደግሞ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። ሴንሰሮቹ በኤም12 (ባለ 12 ሚሊ ሜትር ጥርስ) ሶኬት ይጠመዘዛሉ፤ ወደ መቆጣጠሪያ ፓነሉ የሚሄደው አንድ ወፍራም ገመድ ብቻ። ባዶ የቀሩት ቀዳዳዎች የግድ ይከደኑ፣ አለበለዚያ መከላከያው ከንቱ ነው።

ማሽኑን በሚሊዮን ገዝቶ እዚህ ላይ መቆጠብ ያንገበግበኛል!

የፈረቃ ኃላፊው ጋሼ «በግፊት ውሃ ብናጥበውስ?» አሉኝ። አይሆንም ጋሼ፣ ለእሱ አይፒ69 ያስፈልጋል።