ስልክ ቁጥሩ አልተደበቀም ነበር

የቲቢ መድኃኒት የሚወሰደው 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት። ከባዱ ነገር ክኒኑን መዋጡ አይደለም። ሳሉ ጠፍቶ ጉልበት ሲመለስ ብዙ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ያቋረጠ ሰው ላይ ደግሞ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊነሳበት ይችላል። እኛ አራት ተመራማሪዎች የገባንበት ጉዳይ ይህ ነበር።

የሠራነው ኮዬ ፈጬ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ማሳው በሚጀምርበት የከተማዋ ጫፍ ላይ ነው። ሁለት ነገር ፈልገን ነበር። አንደኛው፣ ማን መድኃኒቱን ሊያቋርጥ እንደሚችል ቀድሞ የሚጠቁም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ማሠልጠን። ሁለተኛው፣ ታካሚው መድኃኒቱን ስለመውሰዱ በየቀኑ ምልክት ለሚደረግበት የክትትል ካርድ ማስተማመኛ መስጠት። የየቀኑ ምልክት በወሩ መጨረሻ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላበት ካርድ በሌላ ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የምለው ነርሶችን ለመውቀስ አይደለም፤ የሥራ ጫናቸውን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁና። ሞዴሉ ግን ከእንዲህ ያለ ካርድ የሚማረው የተሳሳተ ነገር ነው። ብሎክቼይን፣ ማለትም በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ተባዝቶ የሚቀመጥ የመዝገብ ሰንሰለት፣ ላይ የሰፈረ ነገር ከነሰዓቱ ስለሚቀመጥና ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይነካካ፣ መፍትሔው እሱ ነው አልን። ክፍያ ስለማይጠይቅ ኢቴሪየም ከተባለው ብሎክቼይን የሙከራ ሰንሰለቱን፣ ሴፖሊያን፣ መረጥን። የሙከራ ይባል እንጂ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ሙሉ ቅጂውን ማውረድ ይችላል።

የአንድ ሰው የ6 ወር መዝገብ እርስ በርሱ ካልተያያዘ ሞዴሉ ምንም አይማርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ታካሚ የማይለወጥ መለያ አስፈለገ። ስልክ ቁጥሩን በኤስኤችኤ-256 ሀሽ አድርገን በዚያ እንለየው ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ኤስኤችኤ-256 የሰጡትን ማንኛውንም ጽሑፍ 64 የፊደልና የቁጥር ቅልቅል፣ ማለትም ሀሽ፣ አድርጎ ያወጣል፤ ያው ጽሑፍ ሁልጊዜ ያንኑ ሀሽ ይሰጣል፤ ከዚያ ቅልቅል ተነስቶ ወደ ቁጥሩ የሚመለስ መንገድ የለም። በስምምነት ቅጹ ላይም «ስልክ ቁጥርዎ ማንም ሊያውቀው በማይችል መንገድ ይቀመጣል፤ በፈለጉ ጊዜ መረጃዎ ይሰረዛል» ብለን ጻፍን። የሥነ ምግባር ኮሚቴው አጸደቀው፤ ታካሚዎቹ ፈረሙ።

በአምስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ በላፕቶፑ ባትሪ እየሠራሁ ሳለ የቲቢ ክፍሏ ሲስተር መዝገቧን በብብቷ ይዛ ገባች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ሀሹን አይቶ የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም ብለኸኛል። የሰውየውን ስልክ ቁጥር ድሮውንም የማውቅ ከሆነስ? እዚህ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማየት አልችልም?»

መልስ ሳልሰጣት ቁጥሯን ጠየቅኳት። ሥልጠናው ላይ ለሙከራ ብለን የእሷን ቁጥር መዝግበን ነበር። በቃሏ ነገረችኝ፤ ጻፍኩት፤ ሀሹ ወጣ። ከሰንሰለቱ ባወረድነው ፋይል ውስጥ ስፈልገው ወዲያው ተገኘ። ከጎኑ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ «መድኃኒት ወስዷል» የሚለው ምልክት። ሲስተር ስክሪኑን ጎንበስ ብላ አየችው። «እንግዲህ አከራዮቹ ሁሉ የተከራዮቻቸው ስልክ አላቸው» አለችና መዝገቧን አንስታ ወጣች።

ቲቢ አለበት የተባለ ሰው ቤት ልቀቅ እንደሚባል እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ማታ ቤቴ ገብቼ ከዚህ የባሰውን ሞከርኩ። በ09 የሚጀምር ስልክ የሚቀሩት 8 አሃዞች ናቸው፤ ሁሉም ተደርድረው ቢቆጠሩ 100 ሚሊዮን ነው። በ07 የሚጀምሩት ሲጨመሩ 200 ሚሊዮን። ለሰው ብዙ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ምንም አይደለም። ሀሹን ወደ ኋላ መመለስ አላስፈለገኝም፤ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ በተራ ሀሽ አድርጎ የትኛው እንደሚገጥም ማየት ብቻ ነው። ከ20 መስመር ያነሰ የፓይተን ፕሮግራም ጽፌ አስነሳሁት። የላፕቶፑ ማራገቢያ ጮኸ፤ ቁጥሮች እየተከታተሉ ይወርዱ ጀመር፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጸጥ አለ። ከ200 በላይ ታካሚዎች ነበሩን። የቀረ አንድም አልነበረም።

በጣም ያመመኝ ይህን ጉዳይ ሳላውቅ የቀረሁ አለመሆኔ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ከተማ የ173 ሚሊዮን የታክሲ ጉዞ መረጃ የሰሌዳና የመንጃ ፈቃድ ቁጥሮችን ኤምዲ5 በተባለ ሀሽ ሸፍኖ ሰጥቶ፣ አንድ ባለሙያ በሰዓታት ውስጥ ገላልጦታል። ይህንን ታሪክ ክፍል ውስጥ ቆሜ አስተምሬዋለሁ። የራሴ ሥራ ላይ ግን «ሀሽ ተደርጓል» የሚለው ቃል በቂ መስሎ ታየኝ።

በማግስቱ መመዝገቡን አቆምንና ለኃላፊያችንም ለኮሚቴውም በጽሑፍ አሳወቅን። ከመካከላችን አንዱ የሙከራ ሰንሰለት ለዘላለም አይኖርም፣ ጎርሊ የተባለው ሌላው የኢቴሪየም የሙከራ ሰንሰለትም እኮ ተዘግቷል፣ እንጠብቅ አለ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ ቢዘጋ ማን ቅጂ እንደያዘ አይታወቅም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል፤ ለባለቤቱም መረጃዬ ይሰረዝልኝ የማለት መብት ይሰጠዋል። እኛ ያንን መብት ልንፈጽምለት በማንችልበት ቦታ ነበር ያስቀመጥነው።

አሠራሩን ከሥሩ ቀየርነው። አሁን መለያው ከስልኩ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ በዕጣ የሚወጣ ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገረው ሰንጠረዥ ከጤና ጣቢያው ካዝና አይወጣም። ወደ ሰንሰለቱ የሚሄደው የዕለቱ መዝገብ በሙሉ፣ ማንም ሊገምተው የማይችል የዘፈቀደ ቁጥር ተጨምሮበት፣ አንድ ላይ ተጨምቆ የሚወጣው አንድ ሀሽ ብቻ ነው። መዝገቡ በኋላ ከተነካካ ያ ሀሽ አይገጥምም፤ የፈለግነውም ይህንኑ ነበር። ከመጀመሪያው እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር።

ለታካሚዎቹ መንገር ግን የግድ ነበር። በስልክ ሳይሆን መድኃኒት ሊወስዱ ሲመጡ፣ አንድ በአንድ፣ ሲስተር ባለችበት። አንዳንዱ «እሺ» ብሎ አለፈ። አንዲት ሴት አለቀሰች። አንድ የልስን ሠራተኛ፣ እጁ ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት ጎልማሳ፣ እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«አሁን ልታጠፉት ትችላላችሁ?»

«አንችልም፣ ጋሼ።»

«የአከራዬ ልጅ ኮምፒዩተር ነው የሚማረው» አለ።

ሌላ ቃል አልጨመረም። የፈረመበትን ወረቀት እንድንመልስለት ጠየቀ። ሲስተር ከፋይሉ አውጥታ ሰጠችው፤ አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ወጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን ይተወዋል ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ክኒኑን ሲስተር ፊት ዋጠ፤ ውኃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰ። በአጠገቤ ሲያልፍ ሰላም አላለኝም።