ደም ግፊት ባለበት ቤት ልጆችን ምስር ወጥ ማስተማር

አባት ወይም እናት ግፊት አለ ተብለው ጨውና ቅባት እንዲቀንሱ ሲታዘዙ፣ በብዙ ቤት ለእሳቸው ብቻ በትንሽ ድስት ጨው አልባ ወጥ ይሠራል። ብዙም ሳይቆይ ይሰለቻል፤ ታማሚውም ወደ ትልቁ ድስት ይመለሳሉ። የሚበጀው የቤቱን ወጥ እንዳለ ማስተካከል ነው። ለዚህ ደግሞ ለዓመታት ጨውን በእጇ ስትቆነጥር ከኖረች እናት ይልቅ ገና ማማሰያ ያልጨበጠ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ይቀለዋል። በማንኪያ ለክቶ የጀመረ በማንኪያ ይቀጥላል። ልጅ ስል ወንዱንም ሴቷንም ነው፤ ወንድ ልጅ ከማድ ቤት የሚባረርበት ምንም ምክንያት የለም።

መጀመሪያ ምስር ክክ ይሁን። ቶሎ ይበስላል፣ በጾምም በፍስክም ይበላል፣ ስህተቱም ወዲያው ይታያል። ለ4 ሰው 1 ኩባያ ምስር ክክ፣ 3 ትልልቅ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ መከለሻ። ሁሉም ተለክቶና ተከትፎ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ እሳት አይለኮስ። ጀማሪ ልጅ በርበሬ የሚያሳርረው ነጭ ሽንኩርት ሊልጥ ዞር ሲል ነው።

ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍ። ቢላዋ የያዘው እጅ ሲሠራ የሌላው እጅ ጣቶች ወደ ውስጥ ይታጠፉ፤ ሽንኩርቱም መጀመሪያ ለሁለት ተሰንጥቆ በጠፍጣፋ ጎኑ ይቀመጥ፣ እንዳይንሸራተት። ትልልቅ ሆኖ ከተከተፈ ወጡ ሲያልቅ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው ይቀራል።

የዘይት ቁጠባው ሁሉ ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ክዳን ባለው ወፍራም ድስት፣ በመካከለኛና ዝቅ ባለ እሳት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይቁላላ። ድስቱን ሲይዝ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ሽንኩርቱ ሟሙቶ፣ ሽታው ከሚሰነፍጥ ወደ ጣፋጭ ሲለወጥ ዘይቱ ይገባል፤ ከ2 ደቂቃ በኋላ በርበሬው፣ ከጥቂት ውሃ ጋር። በርበሬው ጠብ ጠብ እየተደረገለት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይቁላላ። ልጆች እዚህ ይቸኩላሉ፤ ጥሬው ያልወጣለት በርበሬ ደግሞ ጉሮሮ ይይዛል፣ ያንን ለመሸፈን ዘይትና ጨው ይጨመራል። ካረረ ግን መራራነቱ አይወጣምና ጥቂት ሽንኩርት ይዞ ቁሌቱን እንደገና መጀመር ይሻላል፤ ምስሩን አብሮ ማበላሸት አያስፈልግም።

ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተጨምረው 2 ደቂቃ ሲቆዩ የታጠበው ምስር ከ3 ኩባያ ሙቅ ውሃ ጋር ይገባል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ቲማቲም የምትጨምሩ ከሆነ ምስሩ ከለሰለሰ በኋላ ይሁን፤ ኮምጣጣ ነገር ክክን ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ክዳን ሲከፈት እንፋሎቱ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ወዲያኛው እንዲወጣ አስተምሯቸው፤ የነጠላና የሹራብ እጅም ይሰብሰብ።

ጨው መጨረሻ ላይ፣ ወጡ ከወፈረ በኋላ፣ ከመከለሻው ጋር። ቀድሞ ከገባ ውሃው ሲመጠጥ ጨዋማነቱ ይጨምራል፤ የአዮዲን ጨው ከሆነም ረጅም ፍል አዮዲኑን ይቀንሰዋል። ልጁ በትንሽ ሳህን ጠብ አድርጎ ትንሽ በረድ ሲል ይቅመስ፤ የሚፋጅ ወጥ ላይ ምላስ ጨው አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ ዳቦውም ሚጥሚጣውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ብዙ በርበሬ ሲፈጭ ጨው ስለሚገባበት መጀመሪያ ይቀመስ፤ ጨው ካለው ከግማሽ ማንኪያው ይቀነስ ወይም ጭራሽ ይቅር። የማጊ ኪዩብ ከዚህ ማድ ቤት ይውጣ፤ ዋናው ነገሩ ጨው ነው። ወጡ ጨው ከበዛበት ድንች መክተት አያድነውም፤ ጨው ያልነካው የተቀቀለ ምስር ማብዛት ነው። ፖታሲየም ያለበት የጨው ምትክ ደግሞ ኩላሊት ለሚያመው ሰው አደገኛ ስለሆነ ሐኪም ሳይጠየቅ አይገዛ።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ለዚህ ነው ከጠርሙሱ በቀጥታ የማይንቆረቆረው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ስቡ ግማሽ ያህሉ የደም ቧንቧን የሚጎዳው ዓይነት ነው፣ ቅቤ ከዚያም ይበልጣል። የሱፍ ዘይት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፤ የአባት አመጋገብ የልጁ አመጋገብ አይደለም። ጨው መቀነሱ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ምግብ መቀነሱ ግን ለሚያድግ ልጅ አይሆንም። ልጁ ከዚያው ወጥ በብዙ እንጀራ ይብላ፣ በፍስክ እንቁላልና ወተት ይጨመርለት። የወር አበባ የጀመረች ልጅ ብረት ያስፈልጋታል፤ ከምስሩ የሚገኘው ብረት በቃሪያ፣ በቲማቲም ወይም በሎሚ በደንብ ይዋሃዳል፣ ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ይቀንሰዋል። «ወፍረሻል» የሚል ቃል ደግሞ ማድ ቤት ውስጥ አይሰማ፤ ምግብ ለመሥራት የመጣች ልጅ ምግብ እንድትፈራ ማድረግ ትልቅ ጉዳት ነው።

ወላጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይይ፣ ማማሰያውን ግን አይቀማ። «በርበሬው ምን ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ «ኧረ አረረ!» ከማለት የተሻለ ያስተምራል። እሳትና ቢላዋ ላይ ብቻ ወዲያው ይግባ። መጀመሪያ ቤተሰቡ ወጡ ጨው አነሰው ማለቱ አይቀርም፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳልና እስከዚያ ሎሚና ቃሪያ ገበታ ላይ ይቅረብ፣ የጨው ዕቃው ግን አይቅረብ።

ምስሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተስተካከለ ቀጣዩ ሽሮ ነው። ቁሌቱ ያው ነው፤ የሽሮ ዱቄቱ ግን ሲፈጭ ጨው ገብቶበት እንደሆነ ልጁ ያስፈጨውን ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።