ያልተመለሰው ኢሜይል

ግዢ ክፍል ውስጥ ሞክሼ አለኝ። እኔ ቀድሜ ስለተቀጠርኩ ስማችን ብቻ ያለበት አድራሻ የእኔ ሆነ፤ እሱ ኋላ ሲመጣ መጨረሻው ላይ 2 ቁጥር ተጨመረለት። ያቺን ቁጥር የሚያስታውስ ሰው ግን ጠፋ። የእሱ የስብሰባ ጥሪ፣ የእሱ ደረሰኝ፣ አንዳንዴም ለእሱ የታሰበ ቁጣ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ቁጣውን አስተላልፌለት አላውቅም።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው አንድ አቅራቢ የጨረታ ዋጋውን ወደ እኔ የላከ ዕለት ነው። አባሪውን መክፈት አላስፈለገኝም፤ ርዕሱ ላይ የጨረታው ቁጥርና «የመጨረሻ ዋጋ» የሚል ተጽፏል። ጨረታው የሚዘጋው ያኑ ዕለት ከሰዓት ነው። ለሞክሼዬ ደወልኩለት።

«የአንተ ዕቃ እኔ ጋ መጥቷል። የጨረታ ዋጋ ነው።»

«እንዳትከፍተው! ደግሞ እንዳትልክልኝ።»

የመጀመሪያው ይገባኛል፤ ሁለተኛው ግን ግራ አጋባኝ። ለካ እኔ ካስተላለፍኩት ዋጋው በሦስተኛ እጅ አለፈ ማለት ነው። ነገ የተሸነፈ ተጫራች «ማን አየው? ማን ነካው?» ቢል መልስ የለንም። መላክ ያለበት ራሱ ባለቤቱ ነው።

ለላኪው መልስ ጻፍኩ፤ ከሥር የነበረውን የእሱን ጽሑፍ አጥፍቼ፣ ግልባጭ የተደረገላቸውንም አውጥቼ። ዝም አለ። ከፊርማው ሥር ያለውን ስልክ ደወልኩ።

«ልከናል እኮ! ተሳስቶ ቢሆን ይመለስ ነበር» አለኝ፣ በሙሉ ልብ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኢሜይል የሚመለሰው በአብዛኛው አድራሻው ከሌለ ነው። አድራሻው ካለ ሰርቨሩ ይቀበላል፤ ለማን እንደታሰበ አይጠይቅም። ላኪው ደርሷል ብሎ ይቀመጣል፣ ተቀባዩ አልተላከልኝም ብሎ ይጠብቃል። የአሜሪካ ጦር አድራሻ በ«ዶት ሚል» ያልቃል፣ የማሊ ደግሞ በ«ዶት ኤምኤል»፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ እንደሆነው በዚያች በአንዲት ፊደል ግድፈት የጦሩ መልእክቶች ለዓመታት ወደ ማሊ ሲሄዱ ኖረዋል። እኛማ የተለየን በአንድ ቁጥር ነው።

ሰውዬው ዋጋውን ለሞክሼዬ የላከው ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ከዚያ አይቲ ክፍል ተጠራ። አንዱ ባለሙያ፣ እኔ ጋ የሚገባው የግዢ መልእክት በራሱ ወደ ሞክሼዬ እንዲያልፍ እናድርግ አለ፤ ሞክሼዬ ገና ሳይጨርስ እምቢ አለ። ሌላው 2ን በነጥብ እንተካ አለ። በግል ጂሜይል ነጥብ ዋጋ የለውም፤ ብታስገባውም ብትተወውም ያው ሳጥን ነው። በድርጅት አካውንት ግን ነጥብ አድራሻ ይለያል። ሰው ያላስታወሰውን ቁጥር ሰው በማያያት ነጥብ መተካት ለእኔ መፍትሔ አልመሰለኝም።

በመጨረሻ ለሁለታችንም የክፍላችን ምህጻር የገባበት አዲስ አድራሻ ተሰጠን፣ የቀድሞው ተዘጋ። አሁን በእሱ የላከ ሰው መልእክቱ ወዲያው ይመለስለታል። ያቺን አጭር አድራሻ በማጣቴ ትንሽ አጉረምርሜያለሁ፤ የቢዝነስ ካርዴም እንደገና መታተም ነበረበት። የድሮ ደንበኞች ኮምፒውተር ግን እስካሁን የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ሲጽፉ አሮጌውን ይጠቁማቸዋል። «ኢሜይልህ አይሠራም» ብለው ሲደውሉ ያንን ጥቆማ አጥፍተው አዲሱን እንዲይዙ እነግራቸዋለሁ።