በፎቶ ኮፒው ላይ የተገኘው የእኛ ማህተም

ሐዋሳ ውስጥ በሚገኝ አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ክፍል ኃላፊ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ በግንቦት ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ፌስታል ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ ቀረቡ። ከፌስታሉ ውስጥ በስፓይራል የተጠረዘ ወፍራም ፎቶ ኮፒ አውጥተው ከፊቴ አስቀመጡና «የዚህ መጽሐፍ ደራሲ እኔ ነኝ» አሉኝ። ለአነስተኛ ነጋዴዎችና ለተማሪዎች የተዘጋጀ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ከርዕሱ በታች በጣታቸው አመለከቱኝ፤ በቦታው ያለው የቤተ መጻሕፍታችን ክብ ማህተም ነው። በዋናው መጽሐፍ ላይ ሐምራዊ የነበረው ቀለም በኮፒው ላይ ጠቁሮ፣ እኔው ራሴ በእጄ የጻፍኩት የመለያ ቁጥር ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«ይህን የገዛሁት ከአንድ ኮሌጅ በር አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ስንት ቅጂ ሸጣችሁ ብዬ ብጠይቅ፣ ቆጥረን አናውቅም አሉኝ። ልጄ፣ መጽሐፉን ያሳተምኩት ከጡረታዬ ቆጥቤ ነው፤ ግማሹ እስከ ዛሬ በካርቶን ታሽጎ እቤቴ አልጋ ሥር አለ። አንባቢ አጣሁ ብዬ ሳዝን ኖሬ፣ ለካ አንባቢው ሞልቷል!» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እኔ ግን ያን ዕለት የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

ሰውዬውን አስቀምጬ በኮፒ ማሽኑ ላይ የሚሠራውን ወጣት ባልደረባዬን ጠራሁትና ስለ ጉዳዩ ጠየቅኩት። ልጁ ገጹን አይቶ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ሚያዝያ ላይ የክፍል ተጠሪው የመምህሩን ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ እርስዎን በስልክ ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለኝ። አስታወስኩት። ስብሰባ ላይ ሆኜ ደውሎልኝ ነበር፤ ሙሉ መጽሐፉ አንድ ቅጂ ብቻ እንዲነሣላቸው እንደጠየቁ ሲነግረኝ «ለትምህርት ከሆነ፣ ያውም አንድ ቅጂ፣ ምን ችግር አለው፤ ስጣቸው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ያ አንድ ቅጂ ከእኛ በር ወጥቶ የስንት ቅጂ እናት እንደሚሆን አላሰብኩም። ስለዚህ ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ የእኔ ነበር፤ ለደራሲውም ይህንኑ በፊቱ ነገርኳቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ጥቂት ቅጂዎችን በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ይቅርታውን በደብዳቤ ገለጸላቸው። ፎቶ ኮፒ ቤቱን በተመለከተ መብታቸውን የማስከበሩ ውሳኔ የራሳቸው ነበር።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ሁለተኛውን ስሕተት ሠራሁ። ከመጽሐፍም ሆነ ከመጽሔት ማናቸውንም ገጽ ፎቶ ኮፒ ማድረግ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፤ የማሽኑንም የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅዬ በመሳቢያዬ ቆለፍኩበት። በወቅቱ የደራሲዎችን መብት ያከበርኩ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ከበንሳ የመጣች አንዲት ነርስ በአንድ የተጠረዘ የሕክምና መጽሔት ውስጥ ያለ ጽሑፍ ኮፒ እንዲደረግላት ጠየቀች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ማሟያ ለምታዘጋጀው ጥናት የፈለገችው ነው። ማስታወቂያውን አሳየኋት። «ወንድሜ፣ መጽሔቱን በሙሉ አልጠየቅኩም፤ ዘጠኝ ገጽ ነው» አለች። እንደማይቻል ደግሜ ስነግራት፣ ሳትቆጣ፣ በእርግጥ ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው «የሚከለክለው የትኛው ሕግ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የቅጂ መብት ሕግ ነው አልኳት። የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ብትጠይቀኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም፤ እሷ ግን አልጠየቀችኝም። መጽሔቱን ይዛ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ የመታወቂያዋን ጠርዝ እንደ ማስመሪያ እያደረገች ሰንጠረዥ ታሰምር ጀመር። ቁጥሮቹን ዓምድ በዓምድ ስትገለብጥ፣ አንዷን መሥመር ስታ ስትደልዝና እንደገና ስትጀምር ከጠረጴዛዬ ሆኜ አያታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን መኪና እንዳያመልጣት ዕቃዋን ሰበሰበች። አራተኛው ሰንጠረዥ እኩሉ ላይ ቀረ።

ጥያቄዋ ግን አብሯት አልሄደም። ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ከነጋሪት ጋዜጣ ጥራዞች መካከል አዋጅ ቁጥር 410/1996ን፣ ማለትም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጁን፣ ፈልጌ አወጣሁ። ጥራዙ የነበረበት መደርደሪያ ከመቀመጫዬ አሥር እርምጃ አይርቅም። ለዓመታት ስለ ቅጂ መብት ለተገልጋይ ስናገር፣ ስፈቅድና ስከለክል ኖሬ፣ አንቀጽ 12ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት በዚያ ምሽት ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ነው።

አንቀጹ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለትርፍ የማይሠራ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብት፣ ሙዚየምና መሰል ተቋም ሥራን ሲያባዛ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ፈቃዱ ግን ልቅ አይደለም። ለአንባቢ የሚሰጠው ኮፒ የታተመ መጣጥፍ፣ አጭር ሥራ ወይም ከአንድ ሥራ የተወሰደ አጭር ክፍል መሆን አለበት፤ ጠያቂው የተፈጥሮ ሰው፣ ማለትም ድርጅት ሳይሆን ግለሰብ፣ መሆን አለበት፤ ቤተ መጻሕፍቱ ኮፒው ለጥናት፣ ለትምህርታዊ ምርምር ወይም ለግል ምርምር ብቻ እንደሚውል ማመን አለበት፤ ማባዛቱም ለብቻው የቆመ ድርጊት፣ ቢደጋገም እንኳ እርስ በርሱ ባልተያያዘ በተለያየ አጋጣሚ የሚፈጸም መሆን አለበት። በዚህ ላይ የብዙ መብት ባለቤቶችን ወክሎ ለማባዛት የጋራ ፈቃድ ሊሰጥ የሚችል የሚታወቅ አካል ካለ መንገዱ በእሱ በኩል እንደሚሆን አንቀጹ ያመለክታል። አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የመብት ባለቤቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ስላሉት፣ ይህን ነጥብ የሚያነብ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሁለቱን አዋጆች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ቢያነብ ይበጀዋል።

በእነዚህ መመዘኛዎች የራሴን ሁለት ውሳኔዎች ስመዝናቸው ሁለቱም ተገልብጠው አገኘኋቸው። የነርሷ ጥያቄ አንቀጹ የተጻፈላት እስኪመስል ድረስ የተሟላ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ መጣጥፍ፣ ለጥናት፣ አንድ ጊዜ። የሒሳብ መጽሐፉ ግን አጭር ክፍል ሳይሆን ሙሉ መጽሐፍ ነበር፤ የጠየቀውም በደብዳቤው ጀርባ ያለ አንድ ሙሉ የተማሪዎች ክፍል እንጂ አንድ ተማሪ አልነበረም። «አንድ ቅጂ ብቻ ነው» ያልኩትም አያድነኝም፤ አንቀጽ 9 አንድ ግለሰብ ለግሉ አንድ ቅጂ እንዲያባዛ ሲፈቅድ፣ የመጽሐፍን ሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍል ከዚህ ፈቃድ ውጭ አድርጎታል። «ለትምህርት ነው» ያልኩትንም አንቀጽ 11 ላይ ፈተሽኩት። ለማስተማር ሲባል ማባዛት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ከመልካም ልማድና ዓላማው ከሚጠይቀው መጠን ሳያልፍ ነው፤ በተቻለ መጠንም ምንጩና የሥራ አመንጪው፣ ማለትም የደራሲው፣ ስም መጠቀስ ይኖርበታል። ለአንድ ሳምንት ትምህርት የሚያስፈልግ አንድ ሰንጠረዥ ሌላ ነው፤ ደራሲው በሕይወት እያሉ፣ መጽሐፉም እየተሸጠ፣ ሙሉውን ማባዛት ሌላ ነው። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት የሚቆየው እስከ ዕለተ ሞታቸውና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ድረስ ነው።

በ1996ቱ አዋጅ ላይ ቅጣቱን የሚደነግገውን አንቀጽ 36ንም አነበብኩት። መብትን ሆን ብሎ የሚጥስ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የሚጥስ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ እንደሚችል ሳይ ማስታወቂያዬን መተው አስፈርቶኝ ነበር። ነገር ግን ሕግ አውጪው ይህን ሁሉ ቅጣት በጻፈበት አዋጅ ውስጥ የቤተ መጻሕፍትን ፈቃድ ለይቶ ያስቀመጠው፣ እኛ እንድንጠቀምበት አስቦ ነው። ከበንሳ ድረስ የመጣን አንባቢ በፍርሃት ባዶ እጁን መስደድ ለደራሲው የሚያስገኝለት አንዳች ነገር የለም፤ የዚያን የሕክምና መጣጥፍ ጸሐፊ መብት ያስከበርኩለት የነርሷን አራተኛ ሰንጠረዥ በማስቀረት አልነበረም።

በማግስቱ ማስታወቂያውን አነሣሁ። በምትኩ ግማሽ ገጽ የሆነ የመጠየቂያ ቅጽ አዘጋጀን፤ ጠያቂው ስሙን፣ የሥራውን ርዕስ፣ የሚፈልገውን ገጽና ኮፒውን ለምን እንደሚፈልገው ጽፎ ይፈርምበታል። ቅጹን ተራ ወረቀት አድርገው ያዩት ባልደረቦች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ሕጉ «ቤተ መጻሕፍቱ ማመን አለበት» ሲል እምነታችን በምን እንደተመሠረተ የሚያሳይ ነገር በእጃችን ሊኖር ይገባል። ከቅጹ ጋር መዝገብ ከፈትን። የነርሷንም ስልክ ቁጥር ከጎብኚዎች መዝገብ ላይ አግኝቼ ደወልኩላት፤ ይቅርታ ጠይቄ ጽሑፉ እንደሚሰጣት ስነግራት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ወደ ከተማ የሚመጣ ሰው እንዳለ ነገረችኝ። «ቅጹን አንቺ መፈረም አለብሽ» ስላት ትንሽ ዝም ብላ «እንግዲያው ራሴ እመጣለሁ» አለች፤ መጣችም።

በሐምሌ ደግሞ የአንቀጹን ሌላኛውን ክፍል የሚፈትን ነገር ገጠመን። አንድ ሌሊት ሲዘንብ ያደረው ዝናብ በቆርቆሮው ስንጥቅ ገብቶ የምዕራብ ግድግዳውን መደርደሪያ አራሰው። በጣም የተጎዳው ስለ ሐይቁ ዓሣ የተጻፈ አሮጌ ጥናት ነበር። በየገጹ መሐል ንጹሕ ነጭ ወረቀት እያስገባን፣ ቬንትሌተር ከፍተን ለቀናት አደረቅነው፤ ሃያ ያህል ገጾች ግን አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቀው፣ ስናላቅቃቸው ፊደሉ ከወረቀቱ ጋር እየተላጠ ወጣ። ከወራት በፊት ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን ከዝርዝር ሰርዤ እጥለው ነበር። አሁን ግን ሕጉ ቤተ መጻሕፍት ያለውን ቅጂ ለመጠበቅ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ለመተካት፣ ወይም በሌላ መሰል ቤተ መጻሕፍት ቋሚ ስብስብ ውስጥ የጠፋን፣ የተበላሸን ወይም ከአገልግሎት ውጭ የሆነን ቅጂ ለመተካት እንዲያባዛ እንደሚፈቅድ አውቃለሁ። ይህም በተገቢ ሁኔታ ሌላ ቅጂ ማግኘት ካልተቻለ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ፈለግን። ጥናቱን ላሳተመው መሥሪያ ቤት ጻፍን፤ ቅጂ እንደሌለውና ዳግም እንደማያሳትመው በጽሑፍ መለሰልን። አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮችንም በሰው አስጠየቅን። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ ቅጂ ላለው ሌላ ቤተ መጻሕፍት የጻፍነው። የጎደሉት ገጾች ተባዝተው መጡልን፤ በጥራዙ ውስጥ በቦታቸው ተሰፉ፤ የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎችም በፋይል ተቀመጡ።

በኅዳር ወር ወጣቱ ባልደረባዬ መዝገቡን በእጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ይህን ይመልከቱልኝ። ከጠዋት ጀምሮ አራት ልጆች የጠየቁት ያንኑ ምዕራፍ ነው። ሁሉም ለየብቻቸው ፈርመዋል፤ ግን ከአንድ ክፍል የመጡ ናቸው» አለኝ። መጽሐፉ የእኒያው ደራሲ የሒሳብ መጽሐፍ ነበር። አራቱ ቅጾች በአራት ሰዎች ቢፈረሙም፣ ጥያቄው ግን አንድ መምህር በአንድ ቀን ያዘዘው አንድ ጥያቄ ስለሆነ፣ «ያልተያያዘ አጋጣሚ» ልንለው አንችልም ነበር። ለአምስተኛው ተማሪ ኮፒ መስጠቱን አቆምን፤ ያሉንን ቅጂዎች ከውሰት አውጥተን በንባብ አዳራሹ ብቻ እንዲነበቡ አደረግን፤ መምህሩንም ደውዬ ምክንያቱን አስረዳሁት። ቅጂው ለክፍሉ ቁጥር ስለማይበቃ ደራሲውን በስልክ አግኝቼ ተጨማሪ አምስት መጻሕፍት እንደምንገዛ ነገርኳቸው።

በነጋታው በጋዜጣ ጠቅልለው ራሳቸው አመጧቸው። ልጁ ደረሰኙን ከጻፈላቸው በኋላ ማህተሙን ከመሳቢያ አውጥቶ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገለጠ፤ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አምስቱም ተመትተው እስኪያልቁ ድረስ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ተመለከቱ።